የጊዳ አሥራ ሰባት ክዳን

ፌኔት ያደታ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጥያቄ ይዛ ኖራለች። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቶቿ «የያደታ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» ከማለት አልፈው ስለ ሥራዋ የሚሉት የላቸውም። እሷ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ ሳትሰለች ታስረዳለች፤ ባጃጅ ውስጥ ተጣብባም ቢሆን፣ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ደጅ ቆማም ቢሆን።

«አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ» ትላለች። «ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ነገር ይሠራል፤ ነገ ከነገ ወዲያ መድኃኒት ሊወጣው የሚችል። ያንን የሚገጣጥምለት ኢንዛይም የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥሬ ዕቃውን ይቀበላል፣ ይሠራዋል፣ ይለቀዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሲሠራ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው።»

«በማይክሮስኮፕ አታይውም?»

«አይታይም፤ ለማይክሮስኮፕም ትንሽ ነው። በብርሃን ነው የምጠይቀው።» እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይሞቃል። «ኢንዛይሙ በመቶ ከሚቆጠሩ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። ከነሱ መካከል ትሪፕቶፋን የሚባል አንድ ቁራጭ አለ፤ አንድ ብቻ። ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ስልክበት መልሶ ያበራልኛል። የሱን ብርሃን እየለካሁ፣ የቀረው አካል ምን እያደረገ እንደሆነ እደርስበታለሁ። ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት እሱን ነው።»

በመሰል ኢንዛይሞች ላይ ከተሠሩ ጥናቶች እንደምትገምተው ይህ ኢንዛይም ክዳን አለው። የፌኔት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ጥሬ ዕቃው ሲገባ ክዳኑ ይዘጋል፣ ሥራው ሲያልቅ ይከፈታል። የዶክትሬት ጥናቷ በሙሉ በዚህ ላይ ቆሟል።

ባክቴሪያውን ያገኘችው በ2011 ዓ.ም. የማስተርስ ተማሪ ሳለች ነው። ጊዳ አያና ወርዳ፣ ከአንድ የበቆሎ ማሳ ዳር፣ ከኩይሳ ሥር አፈር ዘግና በከረጢት አመጣች። ከዚያ አፈር ካበቀለቻቸው የባክቴሪያ ዘሮች አሥራ ሰባተኛው ከሁሉ በረታ፤ ስሙንም «ጊዳ አሥራ ሰባት» አለችው። የማሳው ባለቤት የሺአረግ የምትባል ሴት ነበረች። በ1977 ድርቅ ጊዜ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ከወሎ የመጣች፣ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻዋ የምትናገር። ያን ቀን ለፌኔት ንፍሮ አቀረበችላት፤ «አፈር ለመውሰድ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?» ብላም ሳቀች።

ከዚያ በጊዳ አያና ግጭት ተነሣ። የሺአረግ ቤቷን፣ ማሳዋንና ባሏን በአንድ ክረምት አጣች። ነቀምቴ ስትገባ የያዘችው የሁለት ልጆቿን እጅ ብቻ ነበር። ፌኔት ገበያ መሐል ያየቻት ቀን በመጀመሪያ አላወቀቻትም። ካወቀቻት በኋላ ግን ዝም አላለችም፤ ዲፓርትመንቱን ደጋግማ ለምና የላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ አድርጋ አስቀጠረቻት። እነሆ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ፌኔት «እትዬ የሺ» እያለች ታከብራታለች፤ የሺአረግም «ልጄ» እያለች ትጠራታለች።

*

በ2017 ጥር ወር የፌኔት ልፋት ፍሬ ያፈራ መሰለ። የዩኒቨርሲቲው ፍሎሮሜትር፣ ማለትም የትሪፕቶፋኑን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። ኢንዛይሙ ላይ ጥሬ ዕቃውን ስትጨምር ብርሃኑ በሲሶ ቀነሰ። ደገመችው፤ ቀነሰ። ሠለሰችው፤ ቀነሰ። ክዳኑ ተዘግቶ ትሪፕቶፋኑን ቢሸፍነው ነው፣ አለች። አዲስ አበባ ላሉት አማካሪዋ ለዶክተር ገላና ሪፖርቱን ላከች። እሳቸውም በማግስቱ ደውለው «በርቺ! በዚህ ግምገማውን ታልፊያለሽ» አሏት። የመጨረሻው የሂደት ግምገማ ለየካቲት መጨረሻ ተቀጠረ። እሱን ያላለፈ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል።

ግምገማው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኦቦ ዋቅወያ ላብራቶሪ ጎራ አሉ። ኦቦ ዋቅወያ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የፊዚክስ መምህር ናቸው። ያንን ፍሎሮሜትር ከሞት ያስነሱት እሳቸው ስለሆኑ እንደ ልጃቸው ይጠይቁታል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዋቅወያ?» አለች ፌኔት፣ እንዴት አደሩ ስትል።

«ነጋዻ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የጥሩን ውጤት ግራፍ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ያምራል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ኢንዛይሙ ባይኖርስ?»

«እንዴት?»

«ትሪፕቶፋኑ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢሆን። ክዳን የለውም፣ ምንም የለውም። ጥሬ ዕቃሽን ብትጨምሪበት ብርሃኑ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?»

ፌኔት ያንን አልለካችም። ለምን እንዳልለካች ስታስብ፣ ብርሃኑ ቀንሶ ባየችው ጊዜ ደስታዋ ቀድሟት እንደሄደ ታወቃት።

«አሁን እለካዋለሁ» አለች።

ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች በሚሠሩበት ጠረጴዛ አጠገብ ትሪፕቶፋኑን በውሃ በጠበጠች። ኩቬት በምትባለው፣ ጣት በምታክል የኳርትዝ ብርጭቆ አድርጋ መሣሪያው ውስጥ አስቀመጠችው። አበራ። ጥሬ ዕቃውን ጨመረች። ብርሃኑ በሲሶ ቀነሰ።

ክው አለች። ክዳን የሌለው ነገር ክዳን እንዳለው ሆነ። ኩቬቷን አውጥታ ወደ መስኮቱ አነሳቻት፤ ጥጓ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ያየች መሰላት። የሺአረግ በዚያች ሰዓት የታጠቡ ብልቃጦች በሳህን ይዛ ገባች።

«እትዬ የሺ፣ እነዚህን በምን አጥበዋቸው ነው?» ድምጿ ራሷንም አስደነገጣት። «ሳሙና ቀርቶባቸዋል! ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለማይገባው ሰው መስጠቴ!»

ተማሪዎቹ አቀረቀሩ። ኦቦ ዋቅወያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሺአረግ ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ ፊቷ ግን አንዳችም አልተለወጠም።

«ስጭኝ» አለች። «እፊትሽ አጥበዋለሁ።»

ሰባት ጊዜ አለቀለቀቻት፤ አራቱን በቧንቧ፣ ሦስቱን በተጣራ ውሃ። እያንዳንዱን ጮክ ብላ ቆጠረች። በጠርዟ ይዛ፣ ጣቷን ወገቧ ላይ ሳታሳርፍ፣ ገልብጣ አስቀመጠቻት። ፌኔት ራሷ ካስተማረቻት አንዲቱንም አላጎደለችም። ስትደርቅ ለኩ። ብርሃኑ በሲሶ ቀነሰ።

«ሳሙና አይደለም» አሉ ኦቦ ዋቅወያ በለሆሳስ። «ጥሬ ዕቃው ነው ብርሃኑን የሚጠጣው። ገና ትሪፕቶፋኑ ጋ ሳይደርስ ሲሶውን ይውጥብሻል፤ መሣሪያው ደግሞ የተረፈውን ብቻ ያያል። ክዳኑ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ፣ ከዚህ ግራፍ አይታወቅም።»

ፌኔት ወንበር ስባ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። በዚያው ከሰዓት በሒሳብ ልታርመው ሞከረች፤ የተጠጣውን ብርሃን አስልታ መልሳ ደመረች። የቀረው ልዩነት ከመሣሪያው ስህተት አይበልጥም ነበር። ሦስት ዓመት የለፋችበት ክዳን ወረቀቱ ላይ ጠፋ።

የሺአረግ ሽርጧን ፈትታ ልትወጣ ስትል ፌኔት በሩ ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ የሺ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«አይ ልጄ» አለች የሺአረግ፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «በስህተት የመጣ ቁጣ ይታለፋል። ግን በሰው ፊት ነው ያልሽኝ። ‹የማይገባው ሰው› አልሽኝ። ያን ቃል እኮ ከወሎ ከመጣን ጀምሮ ስንሰማው ኑረናል፤ ካንች አልጠበቅሁትም።»

ፌኔት ቤቷ ስትደርስ ያሳመማት የጠፋው ክዳን ነው ወይስ ያቺ ቃል፣ መለየት አቃታት። እየቆየ ሲሄድ ግን የበለጠችው ቃሏ ሆነች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ተማሪዎች ሥራቸውን አስቁማ ጠራቻቸው። የሺአረግ ገንዳው ጋ ቆማለች። «ትናንት በፊታችሁ እትዬ የሺን ያልኳቸው ሁሉ ሐሰት ነው» አለች። «ኩቬቶቹ ንጹሕ ነበሩ። ያልጸዳው የእኔ ሥራ ነው፤ መለካት የነበረብኝን ሳልለካ ሦስት ዓመት ሄድኩ። ሥራቸውን ከእኔ በተሻለ ጥንቃቄ የሚሠሩ እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ዞር ብላ አንገቷን ደፋች። የሺአረግም «ቶሌ፣ እሺ፣ ልጄ። አለፈ» አለች። ውሃውንም ከፈተችው።

*

ለዶክተር ገላና መደወል ከዚያ ይበልጥ ከብዷት ነበር። ሁሉንም ሳታስተባብል ነገረቻቸው። 

«አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረሽ» አሉ። «ስሚኝ። ‹የመጀመሪያ ውጤት› ብለሽ አቅርቢው። ገምጋሚዎቹ ይህን አይጠይቁም። ካለፍሽ በኋላ ታስተካክይዋለሽ።»

«ዶክተር፣ ስህተት መሆኑን አሁን አውቀዋለሁ።»

«እኔም አውቄያለሁ። ግን ከፕሮግራሙ ብትሰናበቺ ማን ያስተካክለዋል? የማስብልሽ ላንቺ ነው።»

እውነትም የሚያስቡት ለሷ ነበር፤ ያንን አልተጠራጠረችም። «ገብቶኛል፣ ዶክተር» አለች። «ግን ውሸቱን ይዤ ካለፍኩ ወደኋላ ተመልሼ አላርመውም። ራሴን አውቀዋለሁ። አምስት ሳምንት እንዲያራዝሙልኝ እጠይቃለሁ።»

«ካልፈቀዱስ?»

«ካልፈቀዱ ግምገማው ላይ ቆሜ ምንም ውጤት የለኝም እላለሁ።»

ዶክተር ገላና ተነፈሱ። «ግትር ነሽ» አሉና ዘጉት።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደብዳቤዋን ሁለት ጊዜ አንብበው ሦስተኛ ላንብብ ሲሉ ተዉትና «ተማሪ ሁሉ ሰበብ ይዞ ነው የሚመጣ፤ ጥፋቱን ይዞ የመጣ አላየሁም» ብለው አምስቱን ሳምንት ፈቀዱላት። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ቀን አትጨመርም።

ፌኔት አንድ ወር ያህል በንባብና የሚያስፈልጋትን ኬሚካል በማፈላለግ አሳለፈች። ጥያቄዋን አልጣለችም፤ የምትጠይቅበትን መንገድ ነው የለወጠችው። ለኦቦ ዋቅወያ እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው፦

«አዮዳይድ የሚባለው ጨው ትሪፕቶፋኑን ሲነካው ብርሃኑን ያጠፋበታል። ካልነካው አያጠፋበትም። ስለዚህ ለትሪፕቶፋኑ ‹ምን ያህል ታበራለህ?› ብዬ አልጠይቀውም፤ ‹አዮዳይዱ ይደርስብሃል ወይ?› ነው የምለው። ተሸፍኖ ከሆነ አይደርስበትም፤ ከተገለጠ ይደርስበታል።»

«ብርሃን የሚጠጣው የጥሬ ዕቃው ጥላስ?»

«ጥሬ ዕቃ ያለበትን ከራሱ መነሻ ነው የምቆጥረው፣ የሌለበትንም ከራሱ። ጥላው አዮዳይዱ ሳይገባም ሲገባም ያው ስለሆነ ይሰረዛል። ትሪፕቶፋኑን ብቻውንም እለካለሁ፤ በቅድሚያ እሱን።»

ኦቦ ዋቅወያ ፈገግ አሉ። «ጀባዹ» አሉ፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

ችግሩ ኢንዛይም ያልተረፋት መሆኑ ነበር። ባክቴሪያውን እንደገና ማብቀል፣ ከውስጡ ኢንዛይሙን ማውጣት፣ ማጣራት አለባት። ጊዳ አሥራ ሰባት በሃያ ስምንት ዲግሪ ሙቀት፣ በሚወዘውዘው መሣሪያ ላይ፣ ስድስት ቀን ሳያቋርጥ መወዝወዝ ይፈልጋል። አየር ካጠረበት ይጓጉላል፤ ኢንዛይሙንም አይሠራም። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ዘርታ ሰኞ ጀመረች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። መወዝወዣው ቀስ እያለ ቆመ፤ ባክቴሪያው የሚያድግበት ቡናማ ሾርባ ጠርሙሶቹ ውስጥ ረጋ። ፌኔት ሰዓቷን አየች። እንደገና ብትጀምር ለማጣራቱም ለመለካቱም ቀን አይበቃትም።

አንዱን ጠርሙስ አንስታ በእጇ ማዟዟር ጀመረች። የሺአረግ ከገንዳው ጋ ሆና ተመለከተቻት።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«አየር እንዳያጥራቸው። ካቆምኩ ይበላሻሉ።»

«አሥራ ሁለቱንም ብቻሽን?» የሺአረግ እጇን አደረቀችና ሁለት ጠርሙስ አነሳች፤ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። «እንደ ቅል ነው የሚገፋው? ወይስ እንዲህ ክብ?»

«ክብ፣ እትዬ የሺ። እንዳይፈስ ቀስ እያሉ።»

«እስቲ አሳይኝ። ይኸ ከኔ ማሳ የተወሰደው ነው አይደል? የኔው አፈር?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያማ አይሞትም» አለች የሺአረግ።

ሁለቱ ተማሪዎችም ጥሪ አልጠበቁም። ኦቦ ዋቅወያ ክፍል ጨርሰው መጡና ሰዓት ያዥ ሆኑ፤ በየአሥር ደቂቃው «ቀይሩ!» ይላሉ፤ እጁ የዛለው ያርፋል፣ ያረፈው ይቀበላል። ምሳ በፈረቃ በሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የፌኔት የእጅ አንጓ አበጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሺአረግ ጠርሙሷን እያዟዟረች ስለ ጊዳ አያና ማውራት ጀመረች፤ በቆሎው ስንት ኩንታል ይሰጥ እንደነበር፣ ያንን ኩይሳ ባሏ ሁልጊዜ ላፍርሰው ሲል እሷ ከልክላው እንደኖረች። ስለ ባሏ ስታወራ ፌኔት የመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። ማንም አላቋረጣትም። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መብራቱ መጣ፤ መወዝወዣው አጉረመረመና ዞረ። ሁሉም ባሉበት ተቀመጡ።

«አብሽሪ ልጄ» አለች የሺአረግ ክንዷን እያሸች። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ይበቅላል።»

በቀለ። እሑድ ስትከፍታቸው ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ደህና ነበሩ።

የማጣራቱ ሥራ በበረዶ ላይ ነው የሚሠራው፤ ኢንዛይሙ ሲሞቅ ይበላሻልና። የዲፓርትመንቱ በረዶ መሥሪያ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ፌኔት ከቤቷ ጥቂት ራቅ ብሎ ጁስ ቤት ወዳለው፣ ቂርቆስ ወደሚባል ነጋዴ ሄደች፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሃያ ዓመት ነቀምቴ የኖረ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው።

«ሁለት ባልዲ በረዶ በየቀኑ ለአምስት ቀን» አለችው።

«ምን ሠርግ ነው አምስት ቀን የሚፈጅ?»

«ሠርግ አይደለም፤ ፕሮቲን ላቀዘቅዝ ነው።»

ቂርቆስ ራሱን ነቀነቀ። «ያልገባኝን ነገር አልከለክልም» አለና አምስቱንም ቀን በረዶውን ፈጭቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ ላከላት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። ፍሎሮሜትሩ ከበራ በኋላ አምፖሉ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ጠበቁት። ኦቦ ዋቅወያ ቁጥር ያነብባሉ፣ ፌኔት ትጨምራለች፣ የሺአረግ በየልኬቱ መካከል ኩቬቷን ሰባት ጊዜ ታለቀልቃለች። አዮዳይዱ አየር ሲነካው ቢጫ እየሆነ ስለሚያሳስት ፌኔት በዚያው ጠዋት አዲስ በጥብጣለች።

መጀመሪያ ትሪፕቶፋኑ ብቻውን። አዮዳይዱ እየጨመረ ሲሄድ ብርሃኑ እየቀነሰ ሄደ። ጥሬ ዕቃው ሲኖርም ሳይኖርም አቀናነሱ አንድ ሆነ። ጥላው ተሰርዟል። ፌኔት እፎይ አለች፤ መንገዱ ይሠራል።

ቀጥሎ ኢንዛይሙ ባዶውን። አዮዳይዱን እስከ መጨረሻው ጨመረችበት፤ ከመቶ ወደ ዘጠና ሁለት ብቻ ወረደ። ትሪፕቶፋኑ ተሸፍኗል፤ አዮዳይዱ ሊደርስበት አልቻለም።

ፌኔት ፊቷ ተለወጠ። «ባዶ ሆኖ ተዘግቷል» አለች። «ክፍት ሊሆን ነበር የሚገባው። እኔ ያልኩት ባዶ ሲሆን ክፍት፣ ሲሞላ ዝግ ነው።»

«ያልሽውን ተይና የሚለውን ስሚው» አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

ጥሬ ዕቃውን ጨምራ ደገመችው። ዘጠና አምስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ፣ ሰባ አምስት፤ ኦቦ ዋቅወያ እያነበቡ ድምጻቸው ከፍ እያለ መጣ። ሰባ አንድ ላይ ቆመ። አዮዳይዱ ገብቷል። ጥሬ ዕቃው ሲመጣ ያ የተደበቀ ቦታ ይገለጣል።

 ፌኔት በአዮዳይዱ ፋንታ አዮዳይድ የሌለበትን ሌላ ጨው በተመሳሳይ መጠን ጨምራ ለካች፤ ብርሃኑ አልተነካም። የጨው ብዛት ብቻውን ያመጣው አይደለም ማለት ነው። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሲያልቅ ከሰዓት ሆኖ ነበር።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች የሺአረግ። «ተሳካ ወይስ ከሸፈ?»

ፌኔት ከድካሟ ብዛት ሳቀች። «ይንቀሳቀሳል፣ እትዬ የሺ። በእውነት ይንቀሳቀሳል። ግን እኔ ባልኩት በተቃራኒው ነው።»

«እሱማ የራሱ ፈቃድ አለው» አለች የሺአረግ፤ ኩቬቷንም ልታጥብ ይዛ ሄደች።

*

ግምገማው መጋቢት መጨረሻ ላይ ሆነ። ዶክተር ገላና ከአዲስ አበባ መጥተው ከገምጋሚዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። ከሦስቱ ገምጋሚዎች አንዷ ዶክተር ኡርጂ ይባላሉ፤ በጥያቄያቸው ተማሪን የሚያስለቅሱ ናቸው ይባላል። ኦቦ ዋቅወያና ተማሪዎቹ ከኋላ ነበሩ፤ የሺአረግም ሽርጧን አውልቃ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ፌኔት የመጀመሪያውን ግራፍ አሳየች። «ይህ በጥር ወር የላክሁት ሪፖርት ነው» አለች። «ስህተት ነው። ክዳን ሲዘጋ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ጥሬ ዕቃው ብርሃን ሲጠጣ ነው። ለማወቅ ትሪፕቶፋኑን ብቻውን መለካት ይበቃኝ ነበር፤ አልለካሁም።»  ከዚያ አዲሱን አስከተለች።

ስትጨርስ ዶክተር ኡርጂ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ስለዚህ ክዳኑ ይከፈታል እያልሽን ነው?»

«አይደለም፣ ዶክተር። ማለት የምችለው፣ ጥሬ ዕቃው ሲገባ ትሪፕቶፋኑ ያለበት ቦታ ይገለጣል ነው። የሚገለጠው ክዳኑ ተከፍቶ ይሁን ወይም ሌላው አካል ተንሸራትቶ፣ ገና አላወቅሁም።»

«ስንት ጊዜ ነው ኢንዛይሙን ያመረትሽው?»

«ለዚህ ውጤት አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ በቂ ነው?»

«አይደለም።»

ዶክተር ገላና ባልተጠበቀ ሁኔታ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። «አማካሪዋ ነኝ፤ መናገር የለብኝ ይሆናል። ስህተቱን ስትነግረኝ እንደነበረው አቅርቢው ብያት ነበር። አልሰማችኝም። ይህ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ።» ተቀመጡ። 

ውጭ ግማሽ ሰዓት አስጠበቋት። የሺአረግ አጠገቧ ቆማ እጇን ያዘች፤ መዳፏ በሳሙናና በውሃ የሻከረ ነበር። ሲጠሩ ፌኔት ብቻዋን ገባች። ውሳኔውን ያነበቡት ዶክተር ኡርጂ ናቸው፦ ጥናቱ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ኢንዛይሙ እንደ አዲስ ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ልኬቱ በሁለቱም ተደግሞ፣ እስከ ጥቅምት ይቀርባል። ውጤቱ ከተለያየ ከነልዩነቱ ይቀርባል።

«ይቻልሻል?» አሉ።

«ይቻለኛል» አለች ፌኔት።

ደጅ ስትወጣ የሺአረግ ፊቷን መረመረች። «አለፍሽ?»

«ቀጥይ አሉኝ። ግን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው መሥራት አለብን።»

«ሁለት ጊዜ? አሥራ ሁለቱንም ጠርሙስ?»

«አሥራ ሁለቱንም፣ ሁለት ጊዜ።»

የሺአረግ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የትኛው ቀን እንደሚሻል በልቧ የምታሰላ ይመስል ነበር። «ክረምቱ ሳይገባ እንጀምር እንግዲያ» አለች። «በዝናብ መብራቱ ይብሳል።»

ፌኔት ስልኳን አውጥታ ቀኑን ተመለከተች። የሚቀጥለው ሰኞ ሚያዝያ ስድስት መሆኑን አይታ ቀጠሮውን ያዘች። ከዚያ ከኦቦ ዋቅወያና ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር አምስቱም ምሳ ሊበሉ ወረዱ።